የቤት ቦይለር ብልሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልደታ፣ ሜክሲኮና አራት ኪሎ አካባቢ ቦይለር ስጠግን ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የማወራው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ ውሃ አጠራቅሞ በኤሌክትሪክ ስለሚያሞቀው ቦይለር ነው። መሃል ከተማ በብዛት የማገኘው እሱን ነው። በጋዝ የሚሠራውን ወደ መጨረሻ አካባቢ አነሳዋለሁ።

ሰው የሚደውልልኝ ብዙውን ጊዜ ውሃው አልሞቅ ሲለው ነው። እኔ ግን ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። የመሬት ሽቦው አለ ወይ? ሴፍቲ ቫልቩ ይሠራል ወይ? ቀዝቃዛ ውሃ ማንንም አይገድልም። እነዚህ ሁለቱ የጎደሉበት ቦይለር ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከእነሱ እጀምራለሁ።

ሻወር ስገባ ውሃው ይነዝረኛል። ቀላል ነው፣ ግን ይሰማኛል። ምን ላድርግ?

አሁኑኑ ብሬከሩን አውርዱ። እስኪጠገን ድረስ ማንም እንዳይታጠብበት ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። «ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው የምታጠበው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እርጥብ ነጠላ ጫማ ማንንም አያድንም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ኤለመንት ከመዳብ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው ከቱቦው እንዳይነካካ በመሃላቸው ነጭ ዱቄት ታጭቋል። ቱቦው ሲሰነጠቅ ወይም ሲበሳ ውሃ ወደ ዱቄቱ ይገባል፣ ኮረንቲም ወደ ውሃው ይወጣል። የመሬት ሽቦ ካለ ኮረንቲው በእሱ በኩል ይሄዳል። ከሌለ ግን መሄጃ የሚያገኘው በሰው ገላ በኩል ነው። አሁን ደግሞ የቤት ውስጥ ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ድሮ የብረት ቧንቧ በአጋጣሚ ይሰጥ የነበረው ከለላ እንኳ የለም።

ሶኬቱ የመሬት መስመር ያለው ይመስላል፤ ሁለቱ የብረት ምላሶች ከዳርና ከዳር ይታያሉ። ፈትቼ ስመለከት ግን ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከጀርባ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ጭራሹኑ አልተዘረጋም። ይህ ከውጭ አይታይም። ባለ መብራቱ ቴስተርም አይነግራችሁም፤ እሱ የሚያሳየው ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ ብቻ ነው። የመሬት መስመሩ ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ቦይለሩ መድረሱን ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ይለካው።

ከዚያ በተጨማሪ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ አስገጥሙ። ተራው ብሬከር ሽቦን ከቃጠሎ ያድናል፤ አርሲዲ ግን ኮረንቲ በሰው ገላ ሲያልፍ በሰከንድ ሽርፍራፊ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፤ በወር አንዴ ተጫኗት። ካልወረደ አይሠራም ማለት ነው።

ከመታጠቤ በፊት ቦይለሩን ማጥፋት አለብኝ?

አጥፉት። ውሃው ቀድሞ ሞቋል፣ ስትታጠቡ እንዲበራ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ማጥፊያው ግን ሁለቱንም መስመር አንድ ላይ የሚቆርጥ መሆን አለበት። እኛ ጋ ያለው ክብ ሶኬት ገልበጥ ተደርጎ ይሰካል። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ መብራቱን አጥፍቶ፣ ኤለመንቱን ኮረንቲ እንደያዘ ሊተወው ይችላል።

ሴፍቲ ቫልቩ ይንጠባጠባል። ቢደፈን ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። እባካችሁ አትድፈኑት።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ይፈጥራል። ታንኩ ዝግ ነው፣ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ከታች በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ የተገጠመችው ትንሽ ቫልቭ ናት። ብዙዎቹ ላይ 0.7 ወይም 0.8 ሜጋ ፓስካል የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግፊቱ እዚያ ሲደርስ ትከፍታለች። እንግዲህ ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ መንጠባጠቧ ብልሽት አይደለም፤ ሥራዋን እየሠራች ነው።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቤት የተጠራሁት «ቦይለሩ ይጮሃል» ተብዬ ነበር። ከቫልቩ ጎን ያለችው ቀዳዳ ውስጥ የእንጨት ቁራጭ ተመትቶ ገብቷል፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የቤቱ እናት «ወለሉን እያራሰ አስቸግሮን ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው የሠራልን» አሉኝ። የታንኩ ሆድ ወደ ውጭ አብጦ፣ ሽፋኑ በብሎኖቹ ዙሪያ ተሰንጥቋል። ቀዳዳዋ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክቶ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ማውረድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሌላ ምንም።

የከፋው የሚመጣው ቴርሞስታቱም፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ኮረንቲውን የሚያቆመው ክፍል፣ አብሮ ሲበላሽ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝግ ታንክ ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚይዘው ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ታንኩ በዚህ ጊዜ ከተቀደደ ከውሃው ከፊሉ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ግድግዳ የሚያፈርስ ጉልበት አለው።

ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞም ቀኑን ሙሉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወይ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት ከፍ ብሏል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ የሚጨምርበት ሰፈር አለ። ማንሻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃ እንዲያጥባት አድርጉ። ካልተሻላት ቀይሯት። ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ናት።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲጠፋ ቦይለሩ ይበላሻል?

በትክክል ከተገጠመ አይበላሽም። ያችው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግድ በር ውስጧ አላት። መስመሩ ሲደርቅ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። በሯ ካረጀች፣ ወይም አንድ ሰው «ታንጠባጥባለች» ብሎ ቫልቩን አውልቆ ተራ መገጣጠሚያ ካስገባ፣ ውሃው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወርዳል። ኤለመንቱ ባዶ ታንክ ውስጥ ይግላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል። ያቃጠለው ግን የመብራት መዋዠቅ ነው ይባላል።

ውሃ በጠፋ ቁጥር ማጥፊያውን ዝቅ አድርጉ። ሲመጣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ እየተቆራረጠ ይመጣል። ወጥ ሆኖ መውረድ ሲጀምር ታንኩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ያኔ አብሩት። ድፍርስ ከመጣ ግን ቀዝቃዛውን እስኪጠራ ድረስ አስቀድማችሁ አፍስሱት፣ ጭቃው ታንኩ ውስጥ እንዳይዘቅጥ።

ውሃው ጭራሽ አልሞቅ አለ። ከየት ልጀምር?

ከቀላሉ። ብሬከሩ ወርዷል? ሶኬቱ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲሰካ ይሠራል? ሶኬቱ ጠቁሯል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ከሸተተ እንዳትነኩት፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። 2,000 ዋት የሚበላ ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ለሰዓታት ይስባል። የላላ ሶኬት ያንን አይችልም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ከታች ያለውን ሽፋን በካቻቢቴ ፍቱ። ከኤለመንቱ መሃል ወደ ላይ የሚገባው ቴርሞስታቱ ነው። ጎኑ ላይ ወይም አጠገቡ ትንሽ ቁልፍ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ታገኛላችሁ። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ብቅ ትልና ኮረንቲውን ትቆርጣለች። ቀጨ እስክትል ተጫኗት። ከዚያ ሽፋኑን ገጥማችሁ ሞክሩ።

መልቲሜትር ያለው ሰው ኤለመንቱን ሊለካው ይችላል፤ ሽቦዎቹ ከተፈቱ በኋላ ማለት ነው። 1,500 ዋቱ 32 ኦም፣ 2,000 ዋቱ 24 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ በኤለመንቱ እግርና በታንኩ ብረት መሃል ንባብ ካሳየ ግን ኮረንቲ እያፈሰሰ ነውና ይቀየር።

ቀይዋን ቁልፍ ስጫናት ይሠራል፣ በማግስቱ ደግሞ ይጠፋል።

ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ማቆም አቅቶታል፣ ወይም ኤለመንቱ በቅርፊት (ከውሃው ማዕድን በሚጋገር ነጭ ግግር) ተሸፍኖ ዙሪያው ከመጠን በላይ ይግላል። ቁልፏ እያዳነቻችሁ ነው። በየቀኑ እየተጫኑ መኖር አይቻልም። ቁልፏን በሽቦ አገናኝቶ «እንዳትቆርጥ አድርጌልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ቦይለሩ ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል።

ምጣዱ በርቶ ነበር? የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቦይለሩ 9 ሲጨምር 25 ይሆናል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ውሃውን ቀድማችሁ አሙቁ። ምጣዱ ጠፍቶም የሚወርድ ከሆነ ኤለመንቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም። ሽቦው ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል።

ድሮ በሰዓት ተኩል ይሞቅ ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል።

ሁለት ምክንያቶች ደጋግመው ያጋጥሙኛል።

አንዱ ቮልቴጁ ነው። የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ይብሳል። ምሽት ላይ ሁሉም ሲያበራ 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ፣ 1,500 ዋቱ ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል። 50 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይበቃው የነበረው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ቦይለሩ ጤነኛ ነው። ሌሊት ወይም በማለዳ አሙቁ። የሰፈሩ መብራት ሁልጊዜ ደካማ ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

ሌላው ቅርፊት ነው። ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቦይለር ውስጥም ይጋገራል። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ፈጥኖ ይጋግራል፤ አቃቂ በኩል ካለው የከርሰ ምድር ውሃ የሚደርሳቸው ቤቶች ከለገዳዲ ግድብ ከሚያገኙት ይልቅ ሊያዩት ይችላሉ። ኤለመንቱን አውጥቼ ሳየው ቱቦው ራሱ አይታይም፤ የጣት ውፍረት ያለው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚሰባበር ነጭ ግግር ነው። ሙቀቱ ውሃው ጋ ከመድረሱ በፊት ያንን ማለፍ አለበት። ሲሞቅ የሚሰማው መንጫጫትም ከዚሁ ነው። ኤለመንቱን አውልቆ ሆምጣጤ ውስጥ አሳድሮ መፋቅ ይቻላል፤ ሲፋቅ ግን በቢላ አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ቢጸዳ ጥሩ ነው።

ሙቅ ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

ቀዝቃዛው የማይሸት ከሆነ ከታንኩ ነው። ታንኩ ውስጥ አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ሥራው ከታንኩ ቀድሞ እሱ እንዲበላ ነው፤ ዝገቱን በራሱ ይወስዳል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ከዘንጉ ጋር ሲገናኙ ያን ሽታ ይፈጥራሉ። ቴርሞስታቱን እስከ ጥግ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓታት አሙቁት፣ ከዚያ ውሃውን በሙሉ አፍስሱት። ስታፈሱ ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።

አኖዱን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አስፈትሹት። ከእርሳስ ቀጥኖ ከሆነ ይቀየር። ቦይለር ሲገዛ ስለዚህ ዘንግ የሚናገር ሻጭ አላገኘሁም፤ የታንክን ዕድሜ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ከሥር ያፈሳል። ይጠገናል?

ከኤለመንቱ ዙሪያ ከሆነ ጎሚኒው አርጅቷል፣ ይቀየራል። ከቧንቧ መገጣጠሚያው ከሆነ በቴፍሎን ይታሰራል። ቡናማ ውሃ በሽፋኑ ስፌት በኩል የሚወርድ ከሆነ ግን ታንኩ ራሱ በስብሷል። አይበየድም። የውስጡ ልባጥ አንዴ ከተነሳ ብየዳው በሌላ በኩል ይቀደዳል። አዲስ ግዙ።

ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ይሁን?

60። ከ50 በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሌጂዮኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከ60 በላይ ደግሞ ቅርፊቱ ይፋጠናል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። 60 ዲግሪ ውሃ የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፣ ሙቁን ከዚያ ጨምሩ።

ስለ ቆጣሪው ካነሳን፦ 50 ሊትር አንዴ ማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በየቀኑ ከሆነ በወር ከ70 ያልፋል። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር በእርከን ስለሚወጣ ይህ ቁጥር ቢል ላይ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ማብራት አያስፈልግም።

ብሎኬት ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል?

ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር አይቻልም። 50 ሊትሩ ሲሞላ ከ65 ኪሎ ያላነሰ፣ 80 ሊትሩ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። ግድግዳውን ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ብሎንና ከኋላ የብረት ሳህን ያስፈልጋል።

በጋዝ የሚሠራውስ? ውሃው ይመጣል፣ እሳቱ ግን አይነሳም።

አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ድንጋዩ አልቋል። ካልሆነ የውሃው ግፊት አንሷል። ይህ ማሞቂያ ጋዙን የሚከፍተው ውሃው ሲገፋው ነው፤ ከጣሪያ ታንከር በስበት ብቻ የሚወርድ ውሃ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። የመግቢያውን ወንፊት አጽዱ። ሲሊንደሩም አልቆ እንዳይሆን እዩ።

እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ፊቱ ላይ ጥላሸት ካያችሁ፣ ወዲያው አጥፉት። አየር አንሶታል ማለት ነው። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አካባቢው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ማሞቂያ እዚህ በትክክል ላይነድ ይችላል። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከከሰል ምድጃ ጋር ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን የወሰደው እሱ ነው። የጋዝ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይገጠምም። በረንዳ ላይ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ተደርጎ ይሁን። ሻወር ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወደ ውጭ ውጡ።

ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። የሲሊንደሩ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ ውጡ። እሳት ከተነሳ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መከላከያ ቁጥር 939 ነው።

መለዋወጫ መርካቶ ስገዛ ምን ልይ?

አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በፎቶ አይገዛም። የኤለመንቱ ዋት፣ የጠፍጣፋው ብረት ስፋት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ብዛትና የቴርሞስታቱ ርዝመት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አመሳክሩ። አዲሱ በጣም ከቀለለ ቱቦው ስስ ነው ማለት ነው። ጎሚኒውንም አብራችሁ ግዙ፤ አሮጌው አንዴ ከተነሳ መልሶ አይገጥምም።